የተጫዋቹ እግር የማን ነው?

ጥቅምት ጠብቶ ቡናው መቅላት ሲጀምር በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነት፣ መንገዱ ሁሉ ይጠብባል። እሸት ቡና የተጫነ አህያ ወደ መፈልፈያው ይነዳል፤ ጀንፈሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ለለቀማው ከሩቅ የመጣው የቀን ሠራተኛ በየሻይ ቤቱ ደጃፍ ይሰበሰባል። ለቀማው ሲያልቅ ይህ እንግዳ ያገኛትን ጥሪት ቋጥሮ ወደመጣበት ይመለሳል። ቡናውም በጆንያ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል። አብዛኛው ሳይቆላ ነው የሚሄደው፤ ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ በስሙ አሽጎ የሚያተርፈው ሌላ ነው። ፍሬውን ያበቀለው መሬት ከትርፉ የሚደርሰው ድርሻ ያነሰ መሆኑን ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ገና በልጅነቱ ያውቀዋል።

ስለ ቡና ይህን መናገር ቀላል ነው። ቡና ራሱ ሐሳቡን አይጠየቅም፤ ልሂድ፣ ልቅር አይልምና። ነገር ግን ያው ክርክር ከፍሬ ወደ ሰው ሲሻገር መልኩ ይለወጣል። ሙያተኛን ያበቀለ አገር በሙያተኛው ላይ ምን መብት አለው? ያሳደገው ሜዳ «እግርህ የኔ ነው፤ ለኔ ተጫወት» ሊለው ይችላልን? ወይስ እግሩ የራሱ ብቻ ነው፣ ወደሚከፍለው ሊወስደው ይችላል? ይህ ጥያቄ ለጅማ የባዕድ ጥያቄ አይደለም። በአፍሪካ የስፖርት መድረክ ለጥያቄው ቁርጥ ያለ መልስ ለማግኘት ብዙ ዓመት ከታገሉት ሰዎች ዋነኛው በጅማ የተወለዱ ነበሩና።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. መባቻ ጅማ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት፣ ቅኔያቸውና ጨዋታቸው እስከ ዛሬ የሚነሣላቸው ባለሙያ ናቸው። ልጅየው አዲስ አበባ አደጉ፤ በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ገና በአፍላነታቸው ተሰለፉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጨዋታ ሜዳ እንኳ በቆዳ ቀለም ተከፍሎ እንደነበር ማስታወስ ያሻል፤ ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር ብቻ ይጋጠም ነበር። አቶ ይድነቃቸው ጨዋታ ማለት የክብር ጉዳይ መሆኑን የተማሩት በዚያ ሜዳ ላይ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ለዚያው ለአንድ ክለብ ተጫወቱ፤ በ365 ጨዋታ 318 ግብ ማግባታቸው በክለቡ ታሪክ ይነገራል። ጨዋታ እንጀራ ባልነበረበት ዘመን ነው ይህ ሁሉ። የእግር ኳስን ሕግ ወደ አማርኛ የመለሱም እርሳቸው ናቸው፤ ይህ ሥራቸው ከግቦቻቸው ሁሉ ያነሰ ዝና ቢያገኝም ወደ ኋላ ላይ የምንመለስበት ምክንያት አለ።

ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት፣ ከአሠልጣኝነት ወደ መሪነት ተሸጋገሩ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላቀርብም ባለች ጊዜ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች፤ ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ ብቻ ተወዳደሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የአፓርታይድ መንግሥት ከዓለም እግር ኳስ ማኅበር እንዲባረር ከታገሉት ግንባር ቀደሞች አንዱ መሆናቸውን የማያከብር የለም። አከራካሪው ሌላው አቋማቸው ነው።

በእ.ኤ.አ. 1965 ኮንፌዴሬሽኑ አንድ ደንብ አወጣ። በአፍሪካ ዋንጫ የሚወዳደር ማንኛውም ብሔራዊ ቡድን ከአህጉሩ ውጭ የሚጫወቱ ሰዎችን ማሰለፍ የሚችለው ከሁለት ሳይበልጥ ነው የሚል። ደንቡ እስከ 1982 ጸንቶ ቆየ። አቶ ይድነቃቸው የዚህ ደንብ መንፈስ ጽኑ ጠበቃ ነበሩ። እምነታቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ አፍሪካ አንድ ቀን የዓለምን ዋንጫ እንድታነሣ ከተፈለገ ምርጥ ልጆቿን በራሷ ሜዳ፣ በራሷ ውድድር ማቆየት አለባት። ጥሬ ተጫዋች እያመረቱ ለአውሮጳ ክለቦች ማቅረብ ጥሬ ዕቃ እያመረቱ ከመላክ አይለይም።

ይህን አስተሳሰብ ጊዜው ያለፈበት ግትርነት አድርጎ የሚያየው ዛሬ ብዙ ነው። ፍርዱ ግን ቸኩሏል። ደንቡ የወጣበትን ዘመን ማየት ያስፈልጋል። በእ.ኤ.አ. 1966 በእንግሊዝ አገር በተደረገው የዓለም ዋንጫ አንድም የአፍሪካ አገር አልተሳተፈም፤ ለአህጉሩ አንድ ሙሉ ቦታ ስላልተሰጠ አፍሪካ በአንድነት ራሷን አግልላ ነበር። በዚያው ውድድር ግን በዘጠኝ ግብ ከሁሉ የበለጠው ዩዜቢዮ የሞዛምቢክ ልጅ ነበር፤ የለበሰው የፖርቱጋልን ማልያ ነው። አህጉሪቱ ከደጅ ቆማ፣ ልጇ በቅኝ ገዥው ስም ከአዳራሹ ውስጥ ይጨበጨብለታል። ይህን ያየ ሰው «እግሩ የማን ነው?» ብሎ በቁጣ ቢጠይቅ ይፈረድበታልን? በተከታዩ ዓመት ሳሊፍ ኬይታ ከባማኮ ወጥቶ በፈረንሳይ ለሴንት ኤትየን መጫወት ጀመረ። ከእርሱ በኋላ መንገዱ አልተዘጋም።

እንግዲህ የአቶ ይድነቃቸው ክርክር ብርታት እዚህ ላይ ነው። ተጫዋች ብቻውን አይበቅልም። ኳሱን የገዛለት ሰፈር አለ፤ ዳኝነት የቆመለት መምህር አለ፤ ተሸንፎ ጥበብ ያስተማረው ባላጋራ አለ። ምርጡ በሄደ ቁጥር የሚቀሩት የሚማሩበትን ያጣሉ። የአንድ ሰው ሙያ የብዙ ሰዎች ድካም ነው ማለት ባዶ መፈክር አይደለም፤ በማንኛውም ሜዳ ዳር ቆሞ ለሚያስተውል የሚታይ ነገር ነው።

ነገር ግን ክርክሩ የሚደክምበትም ቦታ አለ፤ እርሱንም ለመረዳት ወደ ነጋድራስ ተሰማ ሸክላ መመለስ ይጠቅማል። የነጋድራስ ድምፅ ጀርመን አገር ተቀርጾ፣ በሸክላ ሆኖ ተሸጠ። ድምፁ ሲሸጥ ሰውየው አልተሸጡም፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው ኖሩ። ቡናም ከዛፉ ተለይቶ ይሄዳል፤ ዛፉ ግን ለሚመጣው ዓመት እዚያው አጋሮ ይቀራል። እግር ግን ከሰውየው አይለይም። የተጫዋችን እግር «ይቆይልኝ» ያለ ሰው፣ ሰውየው ራሱ እንዲቆይ ማዘዙ ነው። እግሩን የገዛም ሰውየውን ካልወሰደ የገዛው ነገር የለም።

ሰውን ስለ መግዛትና ስለ መያዝ ሲነሣ ጅማ ዝም ልትል የማትችልበት ታሪክ አላት። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የሂርማታ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ከነበሩት ገበያዎች ሁሉ የታወቀ ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ አሞሌ ይቀርብበት ነበር፤ ከነዚህም ጋር ሰው ይሸጥበት ነበር። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የሚጎበኝ ሰው ስለ ግርማው እንጂ ስለዚህ ብዙ አይነገረውም። ሰው ለምን ይገዛ ነበር? ጉልበቱ ከገላው ሊነጠል ስለማይችል ነው። የዛሬው የተጫዋች ዝውውር ባርነት ነው ማለት ግን በእውነተኛው ባርያ ሥቃይ ላይ መቀለድ ይሆናል። ልዩነቱ ፈቃድ ነው። ይሁንና ልዩነቱ ፈቃድ ከሆነ፣ «ሂድ» ሲሉት ብቻ ሳይሆን «ቅር» ሲሉትም ፈቃዱ ሊጠየቅ ይገባል ማለት ነው።

ይህን ነገር እስከ ጥጉ የገፋው አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር። ቤዝቦል በአገራችን እምብዛም የማይታወቅ፣ ኳስ በዱላ እየተመታ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው። ኩርት ፍለድ የሴንት ሉዊስ ቡድን ተጫዋች ሳለ በእ.ኤ.አ. 1969 ሳይጠየቅ ወደ ፊላዴልፊያ ተላለፈ። በዚያ ጨዋታ ደንብ መሠረት ተጫዋች ከክለቡ ጋር የታሰረ ነበርና እንቢ የማለት መብት አልነበረውም። እርሱ ግን እንቢ አለ፤ እንደ ዕቃ ልገዛና ልሸጥ አይገባኝም ብሎ ከሰሰ። ጥቁር አሜሪካዊ ነበርና ነገሩ በቃል ብቻ የሚያልፍ አልሆነም። በ1972 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት ድምፅ ለሦስት ፈረደበት። እርሱ ከጨዋታ ተሰናብቶ ቀረ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ማሰሪያው ለሌሎቹ ተፈታ። በአውሮጳ እግር ኳስ ተመሳሳይ ነጻነት የመጣው በ1995 በቦስማን ጉዳይ በተሰጠው ውሳኔ ነው።

ፍለድን የያዘው ክለብ ለትርፍ ነበር፤ አቶ ይድነቃቸው ተጫዋቹን ለማቆየት የፈለጉት ለአህጉር ክብር ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግፍ ይሆናል። ሆኖም የአፍሪካን ክብር ዋጋ ማን ይክፈል? ሜዳ ያላነጠፈው ማዘጋጃ ቤት፣ ደመወዝ ያልቆረጠው ፌዴሬሽን፣ ሐኪም ያላቆመው ክለብ አልተጠየቀም። የተጠየቀው ሌላ ሀብት የሌለው፣ ያም ሀብቱ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው የሚያልቅበት ወጣት ነው። ሁለት ብቻ ይሰለፉ ሲባል ሦስተኛው ሰው በባዕድ አገር መጫወቱ በአገሩ ስም የመጫወት ዕድሉን አሳጣው። ድኻን ልጅ የአገር ዕዳ ከፋይ ያደረገ ደንብ፣ ዓላማው የቱንም ያህል የቀና ቢሆን፣ ሚዛኑ ተዛብቷል።

ደግሞስ «አገሩ» የሚባለው የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ በሕይወቱ የተሸከመ ሰው ከራሳቸው ከአቶ ይድነቃቸው ጎን ቆሞ ነበር። ሉቻኖ ቫሳሎ በ1927 ዓ.ም. አሥመራ ተወለደ፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር ነበሩ። የፋሺስቱ የዘር ሕግ እንደ እርሱ ያለውን ልጅ አባቱ በስሙ እንዳይጠራው የሚከለክል ነበር። ለነጩ ጥቁር፣ ለጥቁሩ ነጭ ሆኖ አደገ። ከአሥመራ ሜዳዎች ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ወደ ኮተን መጣ። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ የኢትዮጵያ ቡድን አምበል ሉቻኖ ነበረ፤ አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው።

ያንን የፍጻሜ ጨዋታ የዘመኑ ሰው እስኪያረጅ ድረስ አውርቶታል። የግብፅ ቡድን ሁለት ጊዜ መራ፤ ኢትዮጵያውያኑ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ፣ የሉቻኖ ታናሽ ወንድም፣ ከዚያም መንግሥቱ ወርቁ አገቡና ጨዋታው አራት ለሁለት አለቀ። ዋንጫውን ሉቻኖ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ አላገኘችም። እንግዲህ አገሪቱ እስከ ዛሬ የምትኮራበትን ብቸኛ ዋንጫ ከፍ ያደረገው እጅ፣ የትውልድ ቈጣሪ ቢጠየቅ፣ ግማሹ የወራሪው ነበር። የተወለደባት ከተማም ዛሬ የሌላ አገር ዋና ከተማ ናት።

ከተጫዋችነት በኋላ ሉቻኖ አሠልጣኝ ሆነ፤ ክለቦችን፣ ብሔራዊ ቡድኑንም አሠለጠነ። በደርግ ዘመን ኑሮው አላዋጣ ብሎት በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ አገር ጥሎ ወጣ፤ ጣሊያን ገብቶ ኖረ። ታሪኩን በጣሊያንኛ ጽፎ አሳተመ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሮም ላይ ዐረፈ። ይህ ሰው ዕዳ ካለበት ለማን ነው የሚከፍለው? ለአሥመራ ነውን? ለድሬዳዋ? ወይስ ስሙን ለነፈገው፣ በኋላ ግን መጠጊያ ለሰጠው ለአባቱ አገር? «እግሩ ያበቀለው አፈር ነው» የሚለው መልስ እዚህ ላይ የሚያርፍበት አፈር ያጣል። የቀሩት ሁሉ ከሉቻኖ የቀለለ ታሪክ ይኑራቸው እንጂ፣ በውስጣቸው አንድ አፈር ብቻ ያለ ሰዎች ጥቂት ናቸው። አቶ ይድነቃቸውም እኮ ጅማ ተወልደው፣ አዲስ አበባ አድገው፣ ለአፍሪካ የሠሩ ናቸው፤ ጅማ «አልተመለሱልኝም» ብላ አልከሰሰቻቸውም።

የአሠልጣኝነት ነገር ልዩ ትኩረት የሚያሻው ስለዚህ ነው። ተጫዋች ሳለ የሰው ሙያ በእርግጥ ከገላው አይለይም፤ አሠልጣኝ ሲሆን ግን ይለያል። እግሩ ደክሞ፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ በእግሩ ያውቅ የነበረውን በቃል ማውጣት ይጀምራል። ለሃያ ዓመት ሳያስበው ያደረገውን ነገር ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ማስረዳት ይኖርበታል። ብዙ ታላላቅ ተጫዋቾች በዚህ ፈተና ይወድቃሉ፤ የሚያልፉት ግን የማይተላለፈውን ያስተላልፋሉ። የአቶ ይድነቃቸውን የሕግ ትርጉም እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። ያ ጽሑፍ ከእርሳቸው እግር ተለይቶ፣ እርሳቸው ወዳልደረሱበት ሜዳ ሄደ፤ ዳኛውም ተጫዋቹም በገዛ ቋንቋው የሚከራከርበትን ቃል አገኘ።

የአልጄሪያው ራሺድ መክሉፊም ለዚህ ምስክር ይሆናል። በእ.ኤ.አ. 1958 በሴንት ኤትየን ዝነኛ ተጫዋች ሳለ፣ ለዓለም ዋንጫ በፈረንሳይ ስም ሊሰለፍ ይችል በነበረበት ወቅት፣ ከጓደኞቹ ጋር በድብቅ ወጥቶ ለነጻነት የሚታገለውን የአልጄሪያ ግንባር ቡድን ተቀላቀለ። ነጻነት ሲመጣ ግን ተመልሶ ወደዚያው ወደ ፈረንሳይ ክለቡ ሄደ፤ በ1968 የፈረንሳይን ዋንጫ አስገኘላቸው። ከዚያ በኋላ የአገሩን ቡድን ካሠለጠኑት አንዱ ሆነ፤ አልጄሪያ በ1982 ምዕራብ ጀርመንን ሁለት ለአንድ ባሸነፈች ጊዜ በአሠልጣኞቹ ወንበር ላይ ነበረ። በስደት የተማረውን ለአገሩ ልጆች አወረሰ። ማንም አላዘዘውም፤ ከአገር አትውጣ የሚል ደንብ ቢይዘው ኖሮ የሚያወርሰው ባነሰ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ያሳደገውን ሜዳ ባዶ እጁን አያስቀርም ማለት አይደለም። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ ለዚህ አንድ ብልሃት አበጅቷል። ተጫዋች በገንዘብ ሲዘዋወር ከዋጋው አምስት በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። የአቶ ይድነቃቸው ሥጋት ትክክል ለመሆኑ ዘግይቶ የመጣ ምስክርነት ነው፤ ልዩነቱ ሸክሙ ከተጫዋቹ ወርዶ በገዢው ላይ መዋሉ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚደርሰው በመዝገብ ለሠፈረ ክለብ ነው። በአዌቱ ወንዝ ዳር በጨርቅ ኳስ የተማረ ልጅ ሜዳው መዝገብ የለውም፤ ያስተማረው ታላቅ ወንድሙም ደረሰኝ አልጻፈም። ፍቅሩ ተፈራ በእ.ኤ.አ. 2014 ኮልካታ ድረስ ሄዶ የሕንድን አዲስ ሊግ የመጀመሪያ ግብ ሲያገባ፣ በልጅነቱ ኳስ ያቀበሉት እጆች በየትኛው ወረቀት ላይ ተጽፈው ይገኛሉ?

ነገሩ ወደ ጅማ ተመልሶ መልኩን የለወጠው በ2010 ዓ.ም. ነው። ጅማ አባ ጅፋር በዚያ ዓመት ወደ ፕሪሚየር ሊጉ እንደወጣ በመጀመሪያ ዘመኑ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት በልጦ ነበር። ከአቶ ይድነቃቸው ክለብ ዋንጫውን የነጠቀችው የተወለዱባት ከተማ መሆኗ የታሪክ ጨዋታ ነው። የጅማን ቡድን ግብ ካገቡት ሁሉ የላቀው ደግሞ ኦኪኪ አፎላቢ፣ ከናይጄሪያ የመጣ ሙያተኛ ነበር። ቡናዋና ልጇ እየወጣ ይሄድባታል ስትባል የኖረች ከተማ፣ አሁን የሌላ አገር እናት ያሳደገችውን ልጅ አስመጥታ በእርሱ እግር ከበረች። ያ የናይጄሪያ ሰፈር ለጅማ ጥያቄ ቢያቀርብ ምን ትመልስ ነበር? የጅማ ሕዝብ ያን ጊዜ ኦኪኪን እንግዳ አላለውም፤ በስሙ ዘመረለት። ለለቀማ እንደሚመጣው ሠራተኛ ሁሉ፣ መከሩ ሲያበቃ እርሱም ወደ ግብፅ ክለብ ተሻገረ፤ የረገመው አልተሰማም።

አሠልጣኙም ገብረ መድኅን ኃይሌ በጅማ አልቆዩም። በ2011 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ መቀለ 70 እንደርታ ወሰደ፤ ያሠለጠኑት እርሳቸው ነበሩ።